የሬዲዮው ለማኝና የጠፋው በሬ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ ጋሽ ወልደሐና።

ትርሲት የጠየቀቻቸው ሌላ ነገር ነበር። የምትሠራበት የሕዝብ ሬዲዮ ገንዘብ አጥሮት፣ በቴክኖሎጂ ከከበሩ ባለጸጎች ትልቅ ስጦታ እንድታመጣ ተልካለች። «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ሰው ዘንድ ሲኬድ ምን ተይዞ ነው የሚኬደው?» ነበር ያለችው። ጋሽ ወልደሐና ሠላሳ ዓመት ዜና ያነበቡ ጡረተኛ ናቸው፤ ሲጠየቁ በቀጥታ መመለስ ግን አይሆንላቸውም። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ቀጠሉ።

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ልመና ነበር፤ አትሳቂ፣ የሚለምነው ለራሱ ሳይሆን ለከተማው ሬዲዮ ነው። ሬዲዮው የሕዝብ ነበር። የጤፍና የሽምብራ ዋጋ ይናገራል፤ ውሃ የሚቋረጥበትን ሰፈር ይናገራል፤ ቀትር ላይ፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን ደግሞ የጠፋ ከብት ያስነግራል። ከብት የጠፋበት ገበሬ ጣቢያው ድረስ መጥቶ የከብቱን መልክ ያስረዳል፤ አንባቢው ሁለት ጊዜ ያነብለታል። ያገኘውም ሰው ከብቱን አስሮ፣ ጆሮውን ሬዲዮው ላይ ጥሎ ባለቤቱን ይጠብቃል። በዚያ አገር የተነገረለትን ከብት ያስቀረ ሰው ሌባ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ያልተነገረለትን ግን ገበያ ቢያወጣው የሚወቅሰው የለም።

ለማኙ ሥራውን ያውቅበታል። ነጋዴ ሲለምን ሽማግሌ ይዞ ይሄዳል። ሽማግሌዎቹ «ተቀመጡ» ሲባሉ «እሺ ሳንባል አንቀመጥም» ይላሉ፤ ነጋዴውም ሽበታም ሰው ቤቱ ቆሞ ማየቱ ይከብደውና ይሰጣል። እንዲህ እያደረገ ጣቢያውን አሥራ አንድ ዓመት አኖረው። በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ማሰራጫው ማሳል ጀመረ። ባለሙያው ከፍቶ አየውና «ክረምቱን አይሻገርም» አለ። የከተማው ነጋዴ ሁሉ ኪሱን ቢያራግፍ አዲስ አይገዛም።

ከዚያው ከተማ ወጥቶ ሌላ አገር የከበረ አንድ ሀብታም ነበር። ሰው በስልኩ ገንዘብ የሚላላክበትን ዘዴ ሠርቶ ነው የከበረው። ለማኙ ግን ይህ የኮምፒውተር ሰው ነው፣ ሽማግሌ ቢቆምበት ምን ይመስለዋል ብሎ ፈራ። ስለዚህ ሽማግሌዎቹን ቤታቸው ትቶ፣ ከረባት አስሮ ብቻውን ሄደ። ስንት ሰው እንደሚያዳምጥ በቀይና በሰማያዊ መስመር እያደረገ አሳየው። ስቱዲዮው በስምዎ ይጠራል አለው። ሀብታሙ በትሕትና ሰማውና «ቅዳሜ እናቴን ልጠይቅ እመጣለሁ፤ ያኔ ጣቢያውን አየዋለሁ» ብሎ ሸኘው።

ይህ ይበቃ ነበር። ለማኙ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ገባ። ቅዳሜ ሀብታሙ መኪናው ውስጥ ሬዲዮ መክፈቱ አይቀርም፤ ምን ቢሰማ ደስ ይለው ይሆን እያለ አሰላሰለ። በመጨረሻም የሀብታሙን የሕይወት ታሪክ በዋሽንት አጅቦ የአንድ ሰዓት ዝግጅት አዘጋጀ። ሀብታሙን ፊደል ያስቆጠሩት መምህር ሳይቀሩ በዝግጅቱ ላይ አመሰገኑት። አድማጭ የሚበዛው ደግሞ ቀትር ላይ ነው። የጠፋ ከብት ለአንድ ቀን ባይነገር አገር አይጠፋም አለ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አንድ ገበሬ ረጅም መንገድ በእግሩ ተጉዞ ጣቢያው ደረሰ። በሬው ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የበልጉ ዝናብ ጥሏል፤ ጎረቤቶቹ እያረሱ ነው። ለማኙ በር ላይ አገኘውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባቴ፣ ዛሬ ትልቅ እንግዳ አለብን፤ ሰኞ ይምጡ» አለው።

«ሰኞማ ተሽጦ ይሆናል፣ ልጄ» አለ ገበሬው። አልተቆጣም። የሚሄድበት ስለጠፋው ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ዋሽንቱ ተነፋ፤ ውዳሴው ተጀመረ። ጥቂት ቆይቶ የሀብታሙ መኪና ግቢ ገባ። ለማኙ እጁን እያሻሸ ሮጦ ተቀበለው። የሀብታሙ ፊት ግን አልተፈታም።

«የከብቱ ዝግጅት የት ሄደ?» አለ።

«ለእርስዎ ክብር ብለን ነው፣ ጌታዬ።»

«እናቴ ናት የላከችኝ። ቤቷ ቁጭ ብለን ሰማነው። ‹ያንተን ታሪክ እኔም አውቀዋለሁ፤ የሰው ከብት የታለ?› አለችኝ። ወንድሜ፣ ልጅ ሳለሁ በሬያችን ጠፍቶ እዚህ ነው የተነገረለት። ባይገኝ ኖሮ ትምህርቴን ትቼ ሰው ቤት እቀጠር ነበር። ልሰጥ ያሰብኩት ለዚያ ሬዲዮ ነው። ይሄኛውን አላውቀውም።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው በለማኙ ደረሰ። አሥራ አንድ ዓመት የለፋበት ጣቢያ ከክረምቱ በፊት ዝም ሲል ታየው፤ አፈረም። ይቅርታ ሊለምን አፉን ሲከፍት ዓይኑ አግዳሚው ላይ ወዳለው ገበሬ ሄደ። ገበሬው መሬት መሬት እያየ ነበር። እዚያ የተቀመጠው ማንንም ለመለመን አልነበረም።

ያን ጊዜ ለማኙ በዕድሜው አድርጎት የማያውቀውን አደረገ። የሚሰጥ ሰው ፊቱ ቆሞ ሳለ ጀርባውን ሰጠው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው» አለና የገበሬውን ክንድ ይዞ ስቱዲዮ ገባ። ዋሽንቱን አስቆመ። የበሬውን መልክ ከገበሬው ጠይቆ ጻፈ፤ ማይክሮፎኑን ሳበና «ሐሙስ ዕለት ከወንዝ ማዶ የጠፋ በሬ፤ መልኩ ቀይ፣ ግንባሩ ቦቃ፣ ግራ ቀንዱ የተሰበረ» ብሎ አነበበ። ደግሞ አነበበው። ስለዘገየም አድማጩን ይቅርታ ጠየቀ።

ሀብታሙ ሄዷል ብሎ ነበር የወጣው። አልሄደም። ገበሬው በተነሣበት አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሏል።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«እንግዲህ አሁን ለምነኝ።»

ለማኙም ከረባቱን ፈታና እንደ ሽማግሌዎቹ ቆሞ ለመነው። አዲሱ ማሰራጫ ከክረምቱ በፊት ተተከለ። ስቱዲዮው እስከ ዛሬ በማንም ስም አይጠራም።

ጋሽ ወልደሐና ታሪኩን እዚህ ላይ አቆሙ። ትርሲት «በሬውስ፣ ጋሼ? ተገኘ?» አለች።

ሽማግሌው ወደ እሷ ዞሩ። «አየሽ፣ ልጄ። ስለ ማሰራጫው አልጠየቅሽኝም። ስንት ሰጠ፣ በስንት ገዙትም አላልሽኝም። ያሳሰበሽ በሬው ነው። ያ የምትፈሪው የኮምፒውተር ሰውም እንዳንቺው ሰው ነው፤ እሱም የሚጠይቅሽ ስለ በሬው ነው። ሰጪን ደስ አሰኛለሁ ብሎ ባለጉዳዩን ከበር የሚመልስ ሬዲዮ፣ ሞፈር ልግዛ ብሎ በሬውን የሸጠ ገበሬ ማለት ነው። ምን ይዤ ልሂድ አልሽኝ። የራሱን ፎቶ አትያዥለት፤ ቤቱ ሞልቶታል። በርሽ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅሽን ሰው ጉዳይ ይዘሽ ሂጂ። ጉዳዩን ሳትፈጽሚለት ግን አትሂጂ።»

ትርሲት ቦርሳዋን አንሥታ ተነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ ጠሯት።

«ተገኝቷል» አሉ። «ያገኘው ሰው ያን ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ሊያወጣው ጫፍ ደርሶ ነበር። እስቲ ቀትር ይለፍ ብሎ ነው የጠበቀው።»