የመሪጌታ ቀለመወርቅ እግር

አንዳንድ አባባል በየሰርጉና በየለቅሶው እንደ ቀላል ነገር ይወረወራል፤ የተናገረውም የሰማውም ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። በእኛ ከተማ ግን ሰው በቀልድ የማያነሣው አንድ አጭር አባባል አለ። ከእናንተ በፊትም ነበረ የሚለኝ ካለ አልከራከረውም። እኛ ዘንድ ግን የአንድ ሰው ግማሽ እግር ሄዶበታል።

ሰውየው መሪጌታ ቀለመወርቅ ናቸው። የቅኔ መምህር ነበሩ። አርባ ዓመት ሙሉ ከየአገሩ የመጣ ተማሪ ከእግራቸው ሥር ቁጭ ብሎ ከአፋቸው ቅኔ ተቀብሏል። ከተማው በሙሉ «የኔታ» ይላቸዋል። ዳኛው ሳይቀር ነገር ሲጠጥርበት ወደ እሳቸው ይልክ ነበር። ለመጣው ሁሉ መልስ አያጡም፤ እሳቸው ራሳቸው ሰው ሲጠይቁ ያየ ግን አልነበረም።

የስኳር በሽታ ከያዛቸው ሰንብቷል። በኋላ እግራቸው መደንዘዝ ጀመረ። መጀመሪያ ጫማው የጠበባቸው መሰላቸው። አንድ ቀን ግን አንደኛው ጫማ ወልቆ መንገድ ላይ ቀርቶ፣ እሳቸው ሳይታወቃቸው ገበያውን አልፈው ሄዱ። ያን ጊዜ ደነገጡና ጤና ጣቢያ ገቡ።

አግዳሚው ላይ ከጎናቸው የተቀመጠችው ትርንጎ ነበረች። ጌሾ ነጋዴ ናት፤ ፊደል አልቆጠረችም፤ እግሯም እንደሳቸው ደንዝዟል። ነርሷ ሲስተር ይርገዱ ሁለቱን አንድ ላይ አስረዳቻቸው።

«እግራችሁ ስሜቱን እያጣ ነው። እሾህ ቢወጋችሁ፣ እሳት ቢፈጃችሁ ላይታወቃችሁ ይችላል። ስለዚህ በባዶ እግር መሄድ የለም፤ ቤት ውስጥም ቢሆን። በየቀኑ የውስጥ እግራችሁን ተመልከቱ። ቁስል ካያችሁ፣ ባያማችሁም፣ በዚያው ቀን ኑ።»

ይህንኑ የያዘ ወረቀት ለእያንዳንዳቸው ሰጠች። የኔታ ሳያነቡ አጥፈው ዳዊታቸው ውስጥ ከተቱት። ስንቱን መጽሐፍ የተረጎመ ሰው ለዚህች ብጣሽ ወረቀት ዓይኑን ያጠባል?

«ገባዎት የኔታ?»

«ገብቶኛል ልጄ።»

አልገባቸውም ነበር። የኔታ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጫማቸውን የሚያወልቁት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲደርሱ አይደለም፤ ገና ከደጀ ሰላሙ ነው። ያን ሰፊ ግቢ በባዶ እግራቸው ነው የሚያቋርጡት። ነርሷ «በባዶ እግር መሄድ የለም» ስትል ያንንም ጨምራ ይሆን? ጥያቄው ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ልጃቸው በምትሆን ነርስ ፊት፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ የኔታ ቀለመወርቅ እንዴት አድርገው ይጠይቁ? ደግሞስ «እዚያም አይቻልም» ብትላቸው? ማኅሌት መቆም ከቀረባቸው ምን ቀራቸው? መልሱን ፈሩት፤ ጥያቄውን ዋጡት።

ትርንጎ ግን ወረቀቱን ገልበጥ አድርጋ አየችና ለነርሷ መለሰችላት።

«ልጄ፣ ይኸ ለእኔ ጥቁር መስመር ነው። በአፍሽ ንገሪኝ። ውስጥ እግርሽን እዪ አልሽኝ፤ ወገቤ አልታጠፍ ብሎኛል፣ በምኔ ልየው?»

«መስታወት መሬት ላይ ያድርጉና እግርዎን ከፍ ያድርጉበት። አለዚያም ሰው ይይልዎት።»

«ውኃ አሙቄ ብዘፈዝፈውስ?»

«አይሆንም፤ ሲያቃጥልዎት አይታወቅዎትም።»

«ሲሰነጠቅ ቅቤ ብቀባውስ? በጣቶቼ መካከልስ?»

ከኋላ ወረፋ የሚጠብቅ አንድ ሰው «ሴትዮ፣ ሐኪም ሆነሽ ልትወጪ ነው?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። የኔታ በእሷ ፋንታ አፈሩና ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ።

ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ጫማ ያደርጋሉ፤ ደጀ ሰላሙ ሲደርሱ ያወልቃሉ። ግንቦት ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ተጠገነ። አሮጌው ቆርቆሮ ሲወርድ ምስማሩ ግቢው ውስጥ ተበተነ፤ ተለቀመ ተባለ እንጂ ተለቅሞ አላለቀም። አንድ እሑድ የኔታ ግቢውን አቋርጠው ገቡ፤ ቆሙ፣ ዘመሩ፣ አሸበሸቡ፣ ወደ ቤታቸውም ተመለሱ።

በአራተኛው ቀን እግራቸውን ሲታጠቡ እጃቸው አንድ ጠንካራ ነገር ነካ። ከእግራቸው አውራ ጣት ሥር ምስማር ተሰክቶ ነበር። ነቅለው አዩት። አላመማቸውም። ስላላመማቸውም ፈጣሪን አመስግነው ቁስሉን በጨርቅ አሰሩና ዝም አሉ። ስምንት ቀን ዝም አሉ። ያ ወረቀት ዳዊታቸው ውስጥ የገጽ ምልክት ሆኖ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ያወጡታል፣ መልሰው ይከቱታል።

በዘጠነኛው ቀን ትኩሳት ጣላቸው። እግሩ ጠቆረ፤ ሸተተም። ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ «የኔታ፣ ግማሹን እግር ካልቆረጥነው ወደ ላይ ይወጣል» አላቸው። ተቆረጠ። እኒያ ማኅሌት ላይ አርባ ዓመት የቆሙ ሰው በሁለት ክራንች ቤታቸው ገቡ።

ትርንጎ «እግዚአብሔር ይማርዎ» ልትላቸው መጣች።

«እንዴት ሆኖ ገባብዎት የኔታ?»

«ከደጀ ሰላም ወዲያ በጫማ አልሄድ ነገር፤ ምን ላድርግ?»

«ውይ! እኔ እኮ ይህንኑ ጠይቄያት ነበር። እርስዎ እንደ ወጡ።»

የኔታ ከትራሱ ቀና አሉ። «ምን አለችሽ?»

«እስከ በሩ ድረስ ጫማዎን ያድርጉ፣ ከውስጥ ወፍራም ካልሲ ይበቃል፣ ሲወጡ ጫማውን አራግፈው ይዩ አለችኝ። የንስሓ አባቴንም ጠየቅኋቸው፤ ለታመመ ሰው ምን ገዶት አሉኝ። ይኸው አንድ እሑድ አልቀረሁም።»

የኔታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያን ሁሉ የፈሩት መልስ ይህ ነበር። «ጥቂት ብቆይ ኖሮ እሰማው ነበር» አሉ። ትርንጎም አለቀሰች።

ከወር በኋላ ቁስላቸውን ሊያሳዩ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ሲስተር ይርገዱ ፋሻውን ቀየረችና የቀረውን እግራቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ አስረዳቻቸው። አግዳሚው በሰው ሞልቷል። በመጨረሻ በፈራ ድምፅ «ገባዎት የኔታ?» አለች።

«አልገባኝም» አሉ።

የሰው ሁሉ ዓይን ወደ እሳቸው ዞረ።

«ከመጀመሪያው ድገሚልኝ፣ ልጄ። ይህ ተረከዜ ላይ ያለው መሰንጠቅ ቁስል ነው ወይስ አይደለም? የቱን ሳይ ነው ወደ አንቺ የምሮጠው?»

ደገመችላቸው። እሳቸው ደግሞ የሰሙትን በራሳቸው ቃል መልሰው ነገሯት፤ የሳቱትን አረመችላቸው፤ እንደገና ነገሯት። ወረፋ ይዞ የነበረ አንድ ቄስ፣ የድሮ ተማሪያቸው፣ ቁጭ ብሎ መስማት አልሆንልህ አለው።

«የኔታ፣ እርስዎን የሚያህል ሊቅ በሰው ፊት እንደ ሕፃን ይህን ያህል ይጠይቃል? እኛ እንኳ አፈርን» አላቸው።

የኔታ በፋሻ የተጠቀለለውን ጉራጅ እግራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ሊቅ ስትሉኝ አምኜ፣ ዝም ብዬ ነው የዚህን ግማሽ የቀበርኩት። ያን ቀን እዚህ አግዳሚ ላይ ሊቋ ትርንጎ ነበረች፤ ይኸው በሁለት እግሯ ትሄዳለች። እኔ የቀረችኝን ላትርፍ፤ አንተም ለተማሪዎችህ ንገርልኝ፣ ልጄ፤ መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ።»