ጥጋብ የተባለው ሆድ

አንበሳ በሚገዛው ጫካ ሁሉም ነገር ሥርዓት ነበረው። ንጉሡ ይገዛል፣ አማካሪው ጅብ ሪፖርት ያቀርባል፣ የቀሩት ያጨበጭባሉ። ጅብ በየጉባኤው እንዲህ ይላል፦ «ጌታዬ፣ በግዛትዎ ረሃብ የለም። የተማሪዎቹን ሆድ ይመልከቱ፣ ከበሮ ነው!»

እውነትም ከበሮ ነበር። አስተማሪያቸው ሚዳቋ ግን ከበሮው አላስደሰታትም። የከርከሮ ልጅ ፊደል እየቆጠረ ያንቀላፋል። የጦጣ ልጅ ዛፍ መውጣት አቅቷታል። የራሷ የሚዳቋ ልጅ ሽብሬ አፈር መላስ ጀምራለች። ሚዳቋም በጉባኤ ተነሣች።

«ጌታዬ፣ ልጆቹ አልጠገቡም። ሆዳቸውን የነፋው ወስፋት ነው።»

ጉባኤው ተንጫጫ። ጅብ ተቆጣ፦ «እመት ሚዳቋ፣ በንጉሡ ግዛት ትል አለ እያልሽ ነው?»

«በልጆቹ ሆድ ነው ያልኩት።»

አንበሳ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «ማስረጃሽን አሳዪኝ» አላት።

ሚዳቋ መራራውን የእንቆቆ ፍሬ ወቅጣ፣ በውኃ በጥብጣ፣ እዚያው ለሽብሬ አጠጣቻት። መድኃኒቱ ካልሠራ የጅብ ራት መሆኗን ታውቃለች። በማግስቱ ከሽብሬ ሆድ የወጣውን ያየ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ አመነ።

አንበሳም ዐወጀ፦ ልጆች ሁሉ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በተመሳሳይ ቀን እንቆቆ ይጠጡ፤ ምንጩ አጠገብም ማንም እንዳይጸዳዳ። ጅብ ግን በዐዋጁ ላይ አንዲት ሐረግ ጣል አደረገ፦ «የቤተ መንግሥት ልጆችን አይመለከትም፤ የመኳንንት ሆድ ትል አያውቅም።»

ዓመት ሳይሞላ ትምህርት ቤቱ በጫጫታ ተናወጠ። የከርከሮ ልጅ ጥያቄው ሳያልቅ መልስ ይሰጣል። በሩጫ ውድድር ቀን ግን የአንበሳ ልጅ ከኤሊ ኋላ ገባ።

አንበሳ ሚዳቋን ለብቻዋ አስጠራት። «ለልጄ መድኃኒቱን በስውር ላኪለት።»

«በስውር አይሆንም፣ ጌታዬ። ሁሉም የሚጫወቱት አንድ አፈር ላይ ነው። እሱ ጋ የቀረው ትል ነገ የእኔ ልጅ ጋ ይመጣል። ከጓደኞቹ ጋር ይሰለፍ።»

ልዑሉ ከከርከሮ ልጅ ኋላ ተሰልፎ፣ ፊቱን አጨማድዶ ጠጣ። ወር ሳይሞላው የእናቱን ጭራ እየነከሰ ቤቱን ያምስ ጀመር።

በተከታዩ ጉባኤ አንበሳ ከሁሉም ቀድሞ ተነሣ። «በግዛቴ ጥጋብ የመሰለኝ ሌላ በሽታ አለ?» ሲል ጠየቀ።

ሚዳቋ ዙሪያዋን ቃኘች። የሁሉም ዓይን ቀስ እያለ፣ በንጉሡ ቀኝ ወደተዘረጋው የጅብ ሰፊ ሆድ ይዞር ነበር።