የእትዬ ጃርቴ ቦይ

አንድ ጊዜ፣ ውሃ ከጋራው ወገብ እየፈለቀ ሜዳው ግን በጥማት የሚሰነጠቅባት አገር ነበረች። ምንጩ የሚወጣው ከገደል አፋፍ፣ ከሚያዳልጥ የድንጋይ ስንጥቅ ነው። ብቅ እንዳለም ቁልቁል ወደ ገደሉ ይንደረደራል። ከገደሉ ሥር ደግሞ አያ ጅቦ ይኖራል። ስለዚህ የሜዳው እንስሳ ሁሉ ውሃ ሲጠማው ገደሉን ወርዶ፣ ከአያ ጅቦ ደጃፍ አጎንብሶ ይጠጣል። ወርዶ የሚመለስ አለ፤ ወርዶ የማይመለስም አለ። አያ ጅቦ ስለ ጉዳዩ ሲጠየቅ፣ «እኔ ምን አውቄ! ውሃው ወስዷቸው ይሆናል» ይላል፤ ከንፈሩን እየላሰ።

አህዪት ባለፈው በጋ እህቷን ያጣችው እዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ አንዴ ስትጎነጭ ሁለቴ ዞራ ታያለች። አንዱ ጆሮዋ ምንጊዜም ወደ ኋላ ነው። ውርንጭላዋንም እንደዚያው አድርጋ አሳደገቻት። እናትና ልጅ ውሃ ሲጠጡ ላያቸው የሰረቁ ይመስሉ ነበር።

እትዬ ጃርቴ ግን የምትኖረው ላይ፣ ከምንጩ አጠገብ ነው። ጥፍሯ ድንጋይ ስለሚቧጥጥ አያዳልጣትም። በጥቅምት ወር አንድ ጠዋት ከአፋፉ ላይ ሥራሥር ስትቆፍር፣ ውሃው በድንገት ወደ ጉድጓዷ ዞረ። ጉድጓዱን ሞላና ተርፎ በሜዳው በኩል ጥቂት እርምጃ ፈሰሰ። እትዬ ጃርቴ ሥሩን በአፏ እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«ለካ ይሄ ውሃ ወደ ገደል የሚሄደው ወዶ አይደለም!» አለች። «ሌላ መንገድ ያሳየው ጠፍቶ ነው እንጂ!»

ሐሳቡ የመጣላት ያኔ ነው። ከምንጩ እስከ ሜዳው በጋራው ጎን አንድ ቦይ ይቆፈራል፣ እንስሳው ሁሉ በሰላም ይጠጣል፣ ለእሷም የጠጣ ሁሉ በየመኸሩ ጥቂት ሥራሥር ያመጣላታል። ቀን ሆነ ማታ የምታወራው ስለዚህ ብቻ ሆነ። ችግሩ መንገዱ ረጅም፣ በጋው ደግሞ ቅርብ መሆኑ ነው። ያላት ስንቅ አንድ ጉድጓድ ብቻ ነው፤ ስኳር ድንች፣ ዱባና በቆሎ። በቆሎውን ከየት እንዳመጣችው እኔን አትጠይቁኝ፤ ገበሬው ይጠይቃት።

ድጋፍ ፍለጋ መጀመሪያ አያ አንበሶ ዘንድ ሄደች። አንበሳው በጥሞና ሰማና ጎፈሩን ነቀነቀ።

«ግሩም ሐሳብ ነው። ስሜን ሰጥቼሻለሁ። ‹የአንበሳ ቦይ› ብለሽ ጥሪው» አለ።

«እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ። ለቆፋሪዎቹ ስንቅስ?»

«ስሜን እኮ ሰጠሁሽ!» አለና አዛግቶ ተኛ።

ስም አይቀቀል፣ አይጠበስ። እትዬ ጃርቴ አንገቷን ደፍታ ስትመለስ ከቁጥቋጦው ጀርባ ሁሉንም ስትሰማ የቆየችው እሜቴ ቀበሮ ብቅ አለች።

«አይዞሽ እህቴ» አለች ቀበሮ። «እኔ እያለሁ ምን ታስቢያለሽ! ግን እንዳትሞኚ፤ ላይ ከምንጩ ብትጀምሪ ማን ያይሻል? ከሜዳው፣ ሁሉም በሚተላለፍበት ጀምሪ። ቦዩንም ሰፋ አድርጊው፤ ዝሆን የሚያስተኛ ይሁን። ጠባብ ከሆነ የድሃ ቦይ ይሉብሻል። ከዚያ ደቦ ጥሪ። ድግሱን አድምቂው! አገሩ ድግሱን ሲያይ የራሱን ስንቅ ተሸክሞ ይመጣል።»

«ስንቄ ግን ትንሽ ናት እኮ።»

«ትንሽ መሆኗን ማን ነገራቸው? ድስቱን እኔ እጠብቅልሻለሁ፤ እየቀመስኩ።»

እትዬ ጃርቴ ብልህ ናት፤ ግን ሐሳቧን በጣም ወዳዋለች። ሐሳቡን የወደደ ሰው ደግሞ የሚያሞግስለትን ሁሉ ወዳጅ ይለዋል። አመነቻት።

ደቦው በኅዳር ተጠራ። መቼም የደቦ ወጉ ግልጽ ነው፤ ባለቤቱ ያበላል፣ የተጠራው ይሠራል። የተጠራውም ያልተጠራውም ግልብጥ ብሎ መጣ። ጥንቸል ከነአሥራ አንድ ልጆቿ፣ ከርከሮ ከነክራንቻው፣ አህዪት አፈር ልትሸከም፣ አንበሳም «ቦዬን ልይ» ብሎ መጣ። አያ ጅቦ ሳይጠራ መጥቶ ከድስቱ አጠገብ ተቀመጠ። እሜቴ ቀበሮ ቀምሳ ቀምሳ ሆዷ ከበሮ አከለ። ዘፈኑ ቀለጠ፤ አፈሩ ተዛቀ። በመጀመሪያው ቀን ሰፊ ጉድጓድ ታየ። በሁለተኛው ቀን ጉድጓዱ ይበልጥ ሰፋ። ሁሉም «አቤት ስፋቱ!» አለ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እትዬ ጃርቴ ጎተራዋ ስትገባ አንዲት የተጨማደደች ዱባ ብቻ አገኘች።

ወጥታ እውነቱን ተናገረች። «ወገኖቼ፣ ስንቁ አልቋል። እባካችሁ ጥቂት ቀን ብቻ ከየቤታችሁ...»

ከየቤቱ ሊያመጣ የሄደው ሁሉ ከየቤቱ ቀረ። እሜቴ ቀበሮ መጀመሪያ ተነሳች። «ልጄን አሞብኝ ነው» አለች፤ ልጅ እንደሌላት አገሩ ያውቃል። አንበሳው፣ «ስሜ ገና ካልተለጠፈ አንሺው፤ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን» ብሎ ሄደ። ከርከሮም እያጉረመረመ ተከተለ። ውሃ የሌለው ቦይ፣ ደረቅ ጉድጓድ ሆኖ ሜዳው ላይ ተዘረጋ። አላፊ አግዳሚው፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው» እያለ ይስቅ ጀመር። እትዬ ጃርቴ አፈረች። ከማፈሯም በላይ ደነገጠች፤ የበጋ ቀለቧ በሌላ ሆድ ውስጥ ነው።

የዚያን ዕለት አያ ጅቦ እየተንገዳገደ መጣና ከጎኗ ተቀመጠ።

«አትዘኝ» አላት። «ስንቁን እኔ እችላለሁ። ቤቴ አጥንት ሞልቶልኛል።»

«ከምር?» አለች እትዬ ጃርቴ። ተስፋ የቆረጠ ጆሮ ብዙ ይሰማል። «በምትኩ ምን ትፈልጋለህ?»

«ኧረ ምንም! ብቻ ውሃው ሲመጣ ከዳሩ ልቀመጥ። ጠጪዎቹን እቆጥርልሻለሁ።»

«መቁጠር ትችላለህ እንዴ?»

«እስከ ሦስት እችላለሁ» አለ ጅቦ ኮራ ብሎ። «ከዚያ በላይ ትንሽ ይጠፋብኛል። እና ማታ ላይ አንድ ሁለት ቢጎድሉ፣ ቁጥር ነው፣ አትቆጪኝም።»

እትዬ ጃርቴ ሳታስበው እሾህዋ ሁሉ ቆመ። ግን «እምቢ» አላለችም፤ «ላስብበት» አለች። እዚህ ላይ አልፈርድባትም። ባዶ ጎተራ ያለው፣ አገር የሳቀበት ሰው ቢያስብ ምን ይገርማል! አያ ጅቦም «ቦታዬን ልያዝ» ብሎ ሰፊው ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ፣ በለስላሳው አፈር ላይ ተጋደመ። መልስ እስክትሰጠው እዚያው ሊያድር፣ እዚያው ሊውል ነው።

ከደቦው ሁሉ ያልሄደችው አህዪት ብቻ ነበረች። ትንሽ ቆይታ ጠጋ አለች።

«እትዬ ጃርቴ፣ አንድ የሞኝ ጥያቄ ልጠይቅሽ?»

«ጠይቂ። ዛሬ ሞኟ እኔ ነኝ።»

«ሁለት ቀን ሙሉ አፈር ስሸከም አንድ ጠብታ አላየሁም። ውሃው የት ነው ያለው?»

«ላይ ነዋ! ከምንጩ።»

«ታዲያ እኛ እዚህ ታች ምን እናደርጋለን?»

እትዬ ጃርቴ ቀና ብላ ወደ ምንጩ አየች። አህዪት ቀጠለች፤ «እኔ አላዋቂ ነኝ። ግን ከላይ ጀምረን ሁለት ቀን ብንቆፍር፣ የሁለት ቀን መንገድ ውሃ ይኖረን ነበር። አሁን ያለን የሁለት ቀን አቧራ ነው። አያ ጅቦን ደግሞ ውሃው ዳር የምታስቀምጪው ከሆነ፣ እኔ ገደሉን ለምጄዋለሁ፤ እዚያው ብወርድ ይሻለኛል።»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ከማንም ሳቅ ይልቅ እትዬ ጃርቴን ወጋቻት። ተነስታ ወደ ሰፊው ጉድጓድ ሄደችና ቁልቁል ተጣራች፤

«አያ ጅቦ!»

«አቤት! ተስማማሽ?»

«‹አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ› ነው ነገሩ። አጥንትህን ለራስህ!»

«ኋላ ትለምኚኛለሽ» አለ ጅቦ፤ ጎኑን ቀይሮ ተኛ።

በማግስቱ እትዬ ጃርቴ የተጨማደደችውን ዱባ ታቅፋ ወደ ምንጩ ወጣች። ዱባዋን ለሰባት ቀን ከፋፈለቻት። ቦዩንም ሰፊ አላደረገችውም፤ ልክ በመዳፏ ስፋት ያህል ነው። ያም ሆኖ የቆፈረችው ስንዝር ሁሉ ወዲያው ውሃ ይሞላዋል። ውሃው ተረከዝ ተረከዟን እየተከተለ «ቀጥይ» የሚላት መሰላት። ደስ አላት፤ ብቻዋን ሳቀች።

ዱባዋ ባለቀች ቀን ውሃው ጥንቸል ደጃፍ ደረሰ። ጥንቸል ከጎሬዋ ወጥታ እግሯ ሲረጥብ ጮኸች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ውሃ ነው። ጠጪ።»

አሥራ አንዱ ልጆች ተንጋግተው ጠጡ። በዕድሜያቸው ገደል ሳይወርዱ ሲጠጡ የመጀመሪያቸው ነው። ጥንቸል አፏን ጠረገችና በጥርጣሬ፣ «ደቦ ልትጠሪን ነው?» አለች።

«ደቦ አልጠራም፤ የማበላው የለኝም» አለች እትዬ ጃርቴ። «አንቺ ከቤትሽ እየበላሽ እስከ ከርከሮ ሠፈር አብረሽኝ ቁፈሪ። ከርከሮ ሲደርሰው ለሚቀጥለው ይቆፍራል።»

«ወንፈል በይኛ!» አለች ጥንቸል። «ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለአንተ!» ልጆቿን ጠራች። አርባ ስምንት መዳፍ አፈሩን ወደ ኋላ ይረጨው ጀመር።

ከርከሮ ሲደረስበት ጥርሱን አሳየ። «እኔ የምወደው ጭቃ እንጂ ውሃ አይደለም!»

«ውሃ ከሌለ ጭቃ ከየት ይመጣል?» አለችው።

ከርከሮ በሕይወቱ ይህን አስቦት አያውቅም። ወዲያው በክራንቻው መሬቱን እንደ ማረሻ ይገለብጠው ጀመር። አንድ ቀን ግን ደስታው አሸንፎት ቦዩ ውስጥ ተንከባለለና ዳሩን ናደው፤ ውሃው ሁሉ ጋራው ላይ ፈሰሰ። እትዬ ጃርቴ እሾህዋን አቁማ፣ «ከጎኑ! ከጎኑ ተንከባለል እንጂ ውስጡ አይደለም!» አለችው። ግማሽ ቀን አብረው ጠገኑ። ከዚያ ወዲያ ለከርከሮ የራሱ ጭቃ ከቦዩ ጎን ተበጀለት፤ እሱም ከሁሉ የበረታ ቆፋሪ ሆነ። የጠጣ ሁሉ ይቆፍራል፣ የቆፈረ ሁሉ ከቤቱ ይበላል። ለእትዬ ጃርቴም የረካ ጎረቤት ሁሉ ሥራሥር ጣል እያደረገላት፣ ጎተራዋ ከታች ትንሽ ትንሽ ይሞላ ጀመር።

ጥር ሲገባ ቦዪቱ ሰፊው ደረቅ ጉድጓድ አፋፍ ደረሰች። አህዪት የመጨረሻዋን የአፈር ጓል በሰኮናዋ ገፋች። ውሃው ተንደርድሮ ገባ።

አያ ጅቦ ሌሊት ሌሊት እያደነ ቀን ቀን እዚያው ይተኛ ነበርና፣ ያን ጊዜም እንደተኛ ነበር። ብርግግ ብሎ ተነሳ።

«ማነው የሸናብኝ?» ብሎ ጮኸ። ዙሪያውን ቢያይ ውሃው ጉልበቱ ደርሷል። ወጥቶ ሮጠ፣ አዳልጦት ወደቀ፣ እንደገና ሮጠ። ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ያ አገር የሳቀበት ሰፊ ጉድጓድ እስከ ማታ ጢም ብሎ ሞላ፤ ያማረ ኩሬም ሆነ። ሲጀመር ስህተት የነበረው ስፋት ምንጭ ሲያገኝ ለሁሉም የሚበቃ ማጠጫ ሆነ።

በማግስቱ አንበሳው ውርር ብሎ የወጣውን እንስሳ አይቶ፣ «በስሜ የተቆፈረው ኩሬ ይህ ነው?» ብሎ ከዳሩ ተቀመጠ። እሜቴ ቀበሮም፣ «አስፊው ያልኳት እኮ እኔ ነኝ!» እያለች ለመጣው ሁሉ ታወራ ነበር። እትዬ ጃርቴ ሁለቱንም ዝም አለቻቸው፤ ከኩሬው ዳር አንበሳ መቀመጡ ለአንድ ነገር ይጠቅማታል። ያም ነገር ገደሉ የደረቀበት አያ ጅቦ ነው። ምላሱን አንጠልጥሎ መጣ፣ አንበሳውን ሲያይ ጅራቱን ቆለፈ።

«እትዬ ጃርቴ፣ ልጠጣ?»

«ጠጣ። ውሃ ለማንም አይከለከልም። ግን የዚህ ደንብ ወንፈል ነው፤ ደለሉን ትጠርጋለህ።»

«መቁጠሩስ?»

«እሱን ተወው» አለችው። ጅቦም ጠጣና ደለል ሲጠርግ ዋለ።

አህዪት ከውርንጭላዋ ጋር መጨረሻ ላይ መጣች። አጎነበሰች። እንደ ልማዷ ዞራ ልታይ አንገቷን ማዞር ጀመረችና ተወችው። ሁለቱም ጆሮዎቿ ወደ ውሃው ወደቁ፤ ዓይኗን ጨፍና እስኪበቃት ጠጣች። እትዬ ጃርቴ ከማዶ ሆና አየቻት። ሐሳቧ የተሳካው ያን ጊዜ መሆኑን አወቀች።

ከዚህ የምንማረው፣ ስንቁ ያነሰ ሰው ሥራውን አገር ከሚያይለት ሜዳ ሳይሆን ውሃ ካለበት ምንጭ መጀመር እንዳለበት፣ ጠባቧ ቦይም አንድ ጎረቤት ካረካች የቀረውን መንገድ የረካው ራሱ አብሮ እንደሚቆፍረው ነው።