ቦራ በሬ የገዛው አክሲዮን

አንድ ጊዜ፣ አውሬውም ከብቱም በአንድ ገበያ በሚገናኝበት ዘመን፣ ቦራ የሚባል ጠንቃቃ በሬ ነበረ። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የሚለው ተረት በወገኑ ላይ መነገሩ ከጥጃነቱ ጀምሮ ሲያንገበግበው ኖሯል። ስለዚህ ሳር ባየ ቁጥር መጀመሪያ ዙሪያውን ዞሮ ገደል ይፈልግ ነበር። ለጥ ያለ ሜዳ ላይ እንኳ ገደል ይፈልጋል። ጓደኞቹ ቢስቁበትም ግድ አልነበረውም፤ እነሱ ጠግበው ሲተኙ እሱ ከየአውድማው ጭድ እየሰበሰበ ትልቅ ክምር አቁሟል። ያ ክምር የበጋ ስንቁ ነው። በጋው ከከፋ ያለ ክምር የሚተርፍ በሬ የለም።

አንድ ቅዳሜ ቀበሮ ገበያው መሃል ካለው ኩይሳ ላይ ወጥታ ማውራት ጀመረች። አዲስ ነገር እንዳመጣች፣ ስሙም አክሲዮን እንደሚባል ተናገረች። አንድ ትልቅ ሀብት አለ፤ ብቻውን ሊገዛው የሚችል ስለሌለ በድርሻ በድርሻ ይሸጣል፤ ሀብቱ ቀን በቀን ያድጋል፤ በዓል ሲደርስ ባለድርሻዎቹ ተሰብስበው ይካፈሉታል። ለከፈለ ሁሉ መዳፏን ያተመችበት የዋንዛ ቅጠል ትሰጣለች።

«የወደፊቱስ እንዴት ይታያል?» አለ ጅብ፣ አነጋገሩን ከሌላ ሰምቶ።

«መልካም ነው» አለች ቀበሮ። «በዓሉ እየቀረበ ነው፤ ፈላጊው በዝቷል፤ ሀብቱም የምግብ ፍላጎቱ ጥሩ ነው።»

ሀብት እንዴት ያለ የምግብ ፍላጎት እንደሚኖረው የጠየቀ አልነበረም። አንበሳ ራሱ ድርሻ ሲገዛ ያየ ሁሉ እኔ ልቅደም እኔ ልቅደም ተባባለ።

ቦራ ግን ጠንቃቃ ነውና ቀበሮን ለብቻዋ ጠርቶ አንድ ጥያቄ ጠየቃት። «እመት ቀበሮ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ይህ ነገር ገደል አለው?»

«አያ ቦራ፣ እናቴ ትሙት፣ በዚህ ሁሉ አገር አንድ ገደል የለም።»

በዚህ እንኳ አልዋሸችም። ቦራም ከዚህ በላይ ምን ይጠየቃል ብሎ የክምሩን ሩብ ሰጥቶ ቅጠሉን ተቀበለ።

በማግስቱ ጠዋት ቀበሮ አንድ ሸክም ጭድ አምጥታ ደጁ ላይ አራገፈች። የትርፍ ድርሻው እንደሆነ፣ ለሌሎቹ ትርፉ በበዓል ቢሆንም ለእሱ ግን በየቀኑ እንደሚከፈል ነገረችው። ቦራ በገዛ ማግስት ትርፍ ሲያገኝ ዓይኑን ማመን አቃተው። ጭዱ ደግሞ ይጣፍጣል፤ የራሱን አውድማ ይሸታል። የአገር ጭድ ሁሉ አንድ ነው ብሎ አለፈው።

በላ፣ ወፈረ። የሚገርመው እሱ በወፈረ ቁጥር የአክሲዮኑ ዋጋ ይወጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያተኛው እሱን እያየ ሲንሾካሾክ፣ ቀበሮ ኩይሳዋ ላይ ሆና ዋጋውን ትጨምራለች። ቦራ ይህን ያየው በኩራት ነበር፤ እሱ ስለገባበት ሁሉም ያመነበት መሰለው። ድሮ በጨለማ ካልሆነ የማይቀርበው ጅብ እንኳ በየማለዳው እየመጣ ጤናውን ይጠይቀው፣ ሻኛውንም በፍቅር ይዳብሰው ጀመር። አደራ፣ ብዙ አትራመድ፣ እንዳትከሳብን ይለዋል። ቦራ ልቡ ተነካ። የጅብን ያህል ለወዳጁ የሚያስብ እንደሌለ ላገኘው ሁሉ አወራ።

ዋጋው ሲንር ግን ያልገዛው ድርሻ እንቅልፍ ይነሳው ገባ። ይህን ያወቀች ቀበሮ፣ ብዙ ድርሻ ያለው በመካፈያው ቀን ቀድሞ ይመርጣል የሚል ሕግ አወጣች፤ አንበሳም በሕጉ ማለበት። ቦራ ይህን ሲሰማ የቀረውን ክምር በሙሉ አስረከበ። አውድማው ባዶ ሆነ፤ እሱ ቅጠሎቹን ሥሩ አድርጎ ተኛ። ለበሬ ቅጠል ይዞ ሳይበላ ማደር ቀላል እንዳይመስላችሁ።

በዓሉ ደረሰ። ቦራ ቅጠሎቹን በአፉ ይዞ ገበያው ቦታ ሲደርስ ዳር ካለው ዋንዛ ሥር ለምለም ጉዝጓዝ ተነጥፏል፤ ጅቦች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ አንበሳ መሃል ላይ ጥፍሩን ይስላል። ሀብት የሚመስል ነገር ግን ቢፈልግ አጣ። ቅጠሎቹን አስቀምጦ ሰላምታ ሰጠ።

«ሀብቱ አልመጣም እንዴ?» አለ።

ቀበሮ ፊቷን አዞረች። የመለሰለት ጅብ ነው፤ ጅብ ምስጢር መያዝ መቼ ያውቃል።

«መጣ እኮ» አለው። «አሁን መጣህ።»

ቦራ መጀመሪያ አልገባውም። ወደ ኋላው ዞሮ አየ፤ ማንም የለም። ከዚያ ጉዝጓዙን አየ፣ የአንበሳን ጥፍር አየ፣ ሻኛው ላይ የተተከለውን የጅብ ዓይን አየ። ለካ ቅርጫ ነው። ሰዎች ለበዓል ተዋጥተው በሬ አርደው የሚካፈሉት ቅርጫ። ከሁሉም አብልጦ የከፈለው ደግሞ የሚታረደው ራሱ ነው። ትርፍ ብሎ የበላው ጭድም የገዛ ክምሩ ነበር፤ በራሱ ጭድ አደለቡት። ክው አለ።

«ገደል የለም ብለሽ ማልሽልኝ እኮ» አለ።

«ታዲያ አለ?» አለች ቀበሮ ዙሪያውን ሜዳ እያሳየችው።

አንበሳ ተነሣ። የማለበት ሕግ ነውና ብዙ ድርሻ ያለው ቀድሞ እንዲመርጥ አዘዘ። ጅብ ሻኛው ሊወሰድበት ነው ብሎ ትንፋሹን ዋጠ። ቦራ አቀርቅሮ እግሮቹን አየ። ሌላ ምንም አልታየውም።

«እግሮቼን» አለ። «አራቱንም።»

«ይስጡት፣ ይስጡት» አለ ጅብ ከዳኛው ቀድሞ። «እግር ምን ሥጋ አለው? ሻኛው ለእኛ ቀረ።»

አንበሳም ድርሻህን ውሰድ ብሎ ፈረደ። ቦራ ድርሻውን ወሰደ። ከድርሻው በላይ ያለውም ሁሉ አብሮት ሄደ። ያን የደለበ ገላ ተሸክሞ እንዴት እንደሮጠ፣ ወንዙንም እንዴት እንደተሻገረ ራሱም አያውቀውም። አንበሳ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ጅቦቹ ቀበሮን ሲከቧት እሷ ኩይሳዋ ላይ ወጥታለች።

«ገበያ ነው» አለቻቸው። «ይወጣል፣ ይወርዳል። ዛሬ ደግሞ ሮጠ።»

ቦራ ነፍሱን አተረፈ፤ በጋው ግን ገና አላለቀም፣ ክምሩም የለም። በሳምንቱ ባዶ አውድማው ላይ ቆሞ ትቢያ ሲያሸት፣ አህያ ጭድ ተሸክማ ስትጣደፍ አየ። ወዴት እንደምትሄድ ቢጠይቃት ቀበሮ አዲስ አክሲዮን ማውጣቷን፣ ሳያልቅ ልትደርስ መቸኮሏን ነገረችው። የቦራ ጠጉር ቆመ።

«እመት አህዪት፣ በፈጠረሽ፣ የሚሸጠው ሀብት ምንድን ነው?»

«እሱን እንኳ አልጠየቅኩም» አለች ሳትቆም። «ግን ጅቦች ተሰልፈው ሲገዙ አይቻለሁ። ደግሞስ አንተ ገዝተህ አይደል እንዲህ ያማረብህ?»

ከዚህ የምንማረው፣ «ዋጋው ስንት ደረሰ?» ከማለታችን በፊት «የሚሸጠው ምንድን ነው፣ ትርፉስ ከማን ክምር ነው የሚመጣው?» ብለን መጠየቅ እንዳለብን ነው።