የታንኩ አንዲት ችንካር

«ሰንሰለት የሚበጠሰው በአንዲት ቀለበት ነው፤ የሚቀጠለውም በአንዲት ቀለበት» ይሉ ነበር የወንድይፍራው አባት። ጭነት ሲያስሩ ይሉታል፣ ጎረቤት ሲያስታርቁ ይሉታል፣ ወጡ ሲቀጥንባቸውም ይሉታል። ወንድይፍራው በልጅነቱ ሰልችቶት ነበር። ቃሉ የገባው ሸብቶ፣ አንድ ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት፣ ከአጥሩ ውጪ ቆሞ አንዲት ባዶ ቀዳዳ ሲያይ ነው።

ቀዳዳዋ የታንክ ሰንሰለት ቀዳዳ ናት። ሙሉ ታንክ አይደለም፤ የታንክ ጥጃ በሉት። ቁመቱ ወይፈን ያህላል። ወንድይፍራው በወጣትነቱ የነዳውን ታንክ እያስታወሰ፣ ከበርሜል ቆርቆሮና ከወላለቀ የባጃጅ ሞተር ሦስት ዓመት ሙሉ ሠራው። በየጎኑ አምስት አምስት ጎማ አለው። ከላይ የሚከፈት ክዳን፣ በእጅ የሚዞር አናት፣ ከአናቱ የሚወጣ ረጅም አፈሙዝ አለው። የሹፌሩን ጠባብ መስኮት እንኳ አልረሳም። አፈሙዙ ባዶ ቧንቧ ነው፤ አንዲት ወፍ እንጂ ጥይት ገብቶበት አያውቅም።

ሰው ለምን ትሠራዋለህ ሲለው መዶሻውን ያነሣል። ነገሩ እንዲህ ነው። ያ የድሮው ታንክ በሁለት ተራራ መካከል ባለ አንድ ጠባብ በር ላይ ሰንሰለቱ ተበጥሶ ቀረ። ወንድይፍራው በእግሩ አገሩ ገባ። ሲደርስ አባትና እናቱ አርፈዋል፤ ጎረቤቱም የተበተነ ወታደር ፈርቶ በሩን ዘግቷል። ከዘመቻ ለተመለሰ ሰው የሚባለውን ቃል አንድ ሰው እንኳ አላለውም። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ይተኛል እንጂ ቤቱ የገባ አይመስለውም። በሕልሙ እዚያው ታንክ ውስጥ ነው፤ ጉም ይወርዳል፣ ሰንሰለቱ ተበጥሷል፣ ታንኩ አይሄድም። ስለዚህ ለእመቤታችን ተሳለ። ትንሹን ታንክ ሠርቼ በሞተሩ እየሄደ አንድ ጊዜ በበሬ ይግባልኝ፤ ያን ጊዜ እኔም አብሬው እገባለሁ አላት።

ሁሉ አልቆ አንዲት ችንካር ጎደለች። የሰንሰለቱን ጫፍና ጫፍ የምታጋጥመው ችንካር። ምስማር ቢያስገባ ተጣመመ። ችንካር ከሌለ ታንኩ አይሄድም፤ ታንኩ ካልሄደ ወንድይፍራው ቤቱ አይገባም።

በማለዳ፣ ጉሙ ገና ከሜዳው ሳይነሣ፣ ወደ ቀጥቃጩ ወደ ሰይድ ሄደ። ሰይድ ከቀዘቀዘ ምድጃ አጠገብ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል። ወንድይፍራው አንዲት ችንካር ለመነው። ሰይድ ብረቱን ወደ ምድጃው አቀረበ፤ ብረቱ ካልጋልኩ አልቀጠቀጥም አለ። ከአመዱ ሥር የቀረውን ፍም እፍ አለው፤ እሳቱም በሰው ትንፋሽ አልነድም፣ ወናፍ ስጡኝ አለ። ወናፉ ደግሞ ተቀዷል።

«ለማረሻ ያልነደደ እሳት ለታንክ ይነድልሃል፣ አስር አለቃ?» አለው ሰይድ። ቢሆንም ቆዳ ካገኘህ ወናፉን ዛሬውኑ እሰፋለሁ ብሎ ቃል ገባለት።

ወናፍ ከሌለ እሳት የለም፤ እሳት ከሌለ ችንካር የለም፤ ችንካር ከሌለ ታንኩ አይሄድም፤ ታንኩ ካልሄደ ወንድይፍራው ቤቱ አይገባም።

ቆዳ ወደሚያለፋው ወደ ይመር ሄደ። ጉሙ በመንገዱ ላይ እንደ ወተት ፈሷል፤ ወንድይፍራው የሚራመድ ሳይሆን የሚንሳፈፍ መሰለው። ይመር የፍየል ቆዳ አለው፤ ቆዳው ግን ደርቆ እንደ ጣውላ ይንኳኳል። ወንድይፍራው ቆዳውን ዳሰሰና እባክህ ልስለስ አለው። ቆዳው ሳልዘፈዘፍ አልለሰልስም አለ። ይመር ባዶ ገንዳውን አሳየው። የእትዬ ደብሪቱ አህያ ውሃ ማምጣት ከተወች ሦስት ቀኗ ነው፣ እኔም የምዘፈዝፍበት አጥቼ ቆዳውን እንደ ከበሮ እየመታሁ እዘፍናለሁ አለው።

ውሃ ከሌለ ቆዳ አይለፋም፤ ቆዳ ካልለፋ ወናፍ የለም፤ ወናፍ ከሌለ እሳት የለም፤ እሳት ከሌለ ችንካር የለም፤ ችንካር ከሌለ ታንኩ አይሄድም፤ ታንኩ ካልሄደ ወንድይፍራው ቤቱ አይገባም።

ወንድይፍራው በዚያ ጉልበቱ ቁልቁለቱን ወርዶ ገንዳ የሚሞላ ውሃ ሊያመጣ አይችልም። ወደ እትዬ ደብሪቱ ሄደ። እትዬ ደብሪቱ ለመንደሩ ሁሉ ውሃ የሚያመላልሱ ባልቴት ናቸው፤ አህያቸውን «ወይዘሪት» ነው የሚሏት። ወይዘሪት ጀሪካኖቿን ተጭና፣ ጆሮዋን ወደኋላ ጥላ፣ እንደ ግንድ ቆማለች። ወንድይፍራው እባክሽ ወይዘሪት፣ ውሃ አምጪልን አላት። ወይዘሪት ወደ መንገዱ አየችና አላልፍም አለች።

«ታንክ እሠራለሁ ስትለኝ እኮ ታንከር ነው የሰማሁት» አሉ እትዬ ደብሪቱ። «የውሃ ታንከር ሊያቆምልን ነው ብዬ ሦስት ዓመት መረቅኩህ። ባለፈው ሰኞ አፈሙዝ አበቀለ። ታንከር አፈሙዝ አለው እንዴ? በል፣ ምርቃቴን መልስ።»

ነገሩን አስረዱት። ወደ ምንጩ የሚወስደው መንገድ በወንድይፍራው ደጅ ብቻ ነው፤ ግራው ገደል፣ ቀኙ አጥር። አፈሙዙም ቁልቁል መንገዱን ይዞ ተዘርግቷል። ወይዘሪት ሰው የሚያያት እየመሰላት አፈሙዙን አትጠጋም። እትዬ ደብሪቱ ነጠላ ቢያለብሱት ጊዜ ጭራሽ የቆመ ሬሳ መስሏት ጀሪካኑን ጥላ ሸሸች።

አህያ ካላለፈች ውሃ የለም፤ ውሃ ከሌለ ቆዳ አይለፋም፤ ቆዳ ካልለፋ ወናፍ የለም፤ ወናፍ ከሌለ እሳት የለም፤ እሳት ከሌለ ችንካር የለም፤ ችንካር ከሌለ ታንኩ አይሄድም፤ ታንኩ ካልሄደ ወንድይፍራው ቤቱ አይገባም።

እንዲህ ዞሮ ዞሮ ተመልሶ ከራሱ ደጅ፣ ከራሱ ታንክ አፈሙዝ ሥር ደረሰ። እትዬ ደብሪቱም አህያቸውን እየሳቡ ከኋላው መጡ። በሩ ሥር አንድ የማያውቀው መንገደኛ ተቀምጧል፤ እግሩ አብጧል፣ ከንፈሩ ደርቋል። ለእግዜር እንግዳ የሚሆን ጥርኝ ውሃ አለህ አለው። ወንድይፍራው አፈረ። ውሃ ለምን እንደሌለ ሊነግረው ብሎ ከአህያዋ እስከ ችንካሯ ያለውን ሁሉ ነገረው። እንግዳው እስከ መጨረሻው ሰማ።

«ታዲያ አዙረዋ» አሉ እትዬ ደብሪቱ። «አናቱ ይዞራል እያልክ ስትኩራራብን አልነበር?»

አናቱ ይዞራል፤ መያዣውን ራሱ ወንድይፍራው ነው የሠራው። ነገር ግን አዙሮት አያውቅም። ወደ ገደሉ ቢዞር መንገዱን ያጥራል፤ ወደ ኋላ ቢዞር የሚያየው የወንድይፍራውን ቤት ነው። በዘመቻው ጊዜ አለቃው አሰልፎ «አፈሙዙን ወደ ቤቱ ያዞረ ሰው ወንድ አይደለም» ብሏቸው ነበር። ያ ቃል እንደ ችንካር እጁ ላይ ተመትቶ ቀርቷል። አፈሙዙን ቢለምነው፣ አፈሙዙ ያለ ትእዛዝ አልዞርም አለ።

«ትእዛዝ የለኝም፣ እትዬ» አለ ወንድይፍራው ቀስ ብሎ።

እትዬ ደብሪቱ አዩት፤ ቀልዳቸውን ተዉ። «ያዘዘህ ሰው ዛሬ የት አለ፣ ልጄ? ይኸው እኔ አዛውንቷ ቆሜያለሁ። እኔ አዝዤሃለሁ።»

ወንድይፍራው ኮፍያውን አወለቀ። እመቤቴ፣ አንቺም አለሽበት አይደል አለ በልቡ፤ ሌላ ጸሎት አልመጣለትም። መያዣውን ጨበጠ። አናቱ ተንቋቋ፣ ወፏ ከአፈሙዙ በርራ ወጣች። አፈሙዙ ገደሉን አለፈ፣ ጉሙን አለፈ፣ አጥሩን አለፈና የገዛ በሩን አይቶ ቆመ። ምንም አልሆነም። ሰማዩ ዝም እንዳለ ነው። ቤቱም እዚያው ነው።

አፈሙዙ ዞረ፤ አህያ አለፈች። አህያ አለፈች፤ ውሃ መጣ። የመጀመሪያውን ጣሳ እንግዳው ጠጣ። ወንድይፍራውም እጁን ይዞ ወደ ቤት አስገባውና እግርህ እስኪድን እረፍ አለው፤ ስሙን አልጠየቀውም። የቀረው ውሃ ለይመር ገንዳ ሆነ። ቆዳው በአንድ ጀንበር አይለፋምና ጥቂት ቀን ሄደ። ውሃ መጣ፤ ቆዳ ለፋ። ቆዳ ለፋ፤ ወናፍ ነፋ። ወናፍ ነፋ፤ እሳት ነደደ። እሳት ነደደ፤ ችንካር ተቀጠቀጠች። ሰይድ ገና ያልቀዘቀዘችውን ችንካር በጉጠት ይዞ፣ እንደ ሙሽራ ቀለበት እያየ፣ ራሱ አመጣት።

ወንድይፍራው በስመ አብ ብሎ መታት። ሰንሰለቱ ጫፉ ከጫፉ ገጠመ። ሞተሩ አንዴ አሳለ፣ ሁለቴ አሳለና ተነሣ። ወንድይፍራው ከኋላው እየተራመደ በዘንግ የግራውን ሰንሰለት ያዝ፣ የቀኙን ለቀቅ አደረገ፤ አፈሙዙ ከበሩ እንዳይዞር ግን አናቱን በእጁ ይዞታል። የታንኩ አናት አስቀድሞ ወደ በሩ ዞሮ ነበር፤ ገላው ዘግይቶ ተከተለው። ወይዘሪት እንኳ ቆማ አየች። ጉሙ ከመሬቱ ላይ እየተነሣ ነው፤ ታንኩ በጉሙ ውስጥ ቀጭ ቀጭ እያለ፣ የወንድይፍራውን እርምጃ እየጠበቀ ሄደ። ልክ እንደ ሕልሙ ነው፤ ብቻ ሰንሰለቱ አልተበጠሰም፤ ታንኩም አልቆመም።

ግቢው ውስጥ እንግዳው ቆሟል። እግሩ ድኖ፣ ዱላውን ይዞ፣ ሊሄድ ተነሥቶ ነበር። በሩ ሲጠበው አየና ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አድርጎ ከፈተ። ታንኩ ገባ፤ ከኋላው ወንድይፍራው ገባ። ሞተሩ ጠፋ። እንግዳው ዱላውን አጥሩ ላይ አስደገፈና፣ ቤቱ የራሱ የሆነ ይመስል፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጎንበስ አለ።

«እንኳን ለቤትህ አበቃህ፣ ወንድሜ።»