አርባ ሴቶች፣ አንድ ስም

ቅጽ የሚሠራ አንድ ሰው ነበረ። ትርሲት፣ ፊትሽን አታጨማድጂው፤ «ሰው ሳይዋሽና ሳይሳሳት ሌላውን ሊበድል ይችላል ወይ?» ብለሽ የጠየቅሽኝ አንቺ ነሽ። እኔም ከልጅነትሽ ያስተማርኩሽ ሽማግሌ ነኝና መልሱን በዚህ ሰው በኩል ልንገርሽ። የአንቺም ሥራ ቅጽ ስለሆነ ብዙ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ሰውየው የአንድ ከተማ አስተዳደር ሠራተኛ ነበር። በከተማዋ ያሉትን ነጋዴዎችና ባለሙያዎች ሁሉ የሚመዘግብ የኤሌክትሮኒክ ቅጽ እንዲያዘጋጅ ታዘዘ። ሰነፍ አልነበረም፤ ክፉም አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ፣ ጥፋት በሰማን ቁጥር ሰነፍ ወይም ክፉ ሰው መፈለግ ስለሚቀናን ነው። ሦስት ወር ሙሉ ለፋበት። ቅጹ ባዶ ቦታ አይቀበልም። ከስልክ ቁጥር ላይ አንድ አሃዝ ቢጎድል ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፍም። አንድ ሱቅ ሁለት ጊዜ ቢመዘገብም ያውቃል፤ የባለቤቱ ስም፣ ስልኩና ሰፈሩ ከተመሳሰለ በቀይ ያሳያል። ሰውየው ሰው ሊዋሽ፣ ሊሰለች፣ ሊቸኩል እንደሚችል አስቦ ለሁሉም መላ አበጅቶለት ነበር። ሰው ታላቁን ሊያከብር እንደሚችል ግን አላሰበም።

ከወንዙ ማዶ አርባ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ነበሩ። እያንዳንዷ አፈሩን ራሷ ቆፍራ፣ ራሷ አቡክታ፣ ድስቷንና እንስራዋን ራሷ ሠርታ ገበያ ታወጣለች፤ ልጆቿንም በዚያው ታሳድጋለች። አፈሩን የሚቆፍሩበትና ሸክላውን የሚተኩሱበት ሜዳ ግን የጋራቸው ነው። ሰፈሩ አንድ ወግ ነበረው። በዕድሜ ታላቅ የሆነችው ሴት በሕይወት እያለች ሌላዋ «ይህ የእኔ ነው» ብላ አትናገርም፤ ነውር ነው። እንግዳ መጥቶ የማን እንደሆነ ቢጠይቅ የሚሰጠው መልስ የታላቋ ስም ነው። በዚያን ጊዜ ታላቋ እማማ ደብሪቱ ነበሩ። ዓይናቸው ደክሞ ሸክላ መሥራት ከተዉ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል።

ለምዝገባው የተላከ መረጃ ሰብሳቢ ታብሌቱን ይዞ መጣ። የመጀመሪያዋን ሴት ባለቤቱ ማን እንደሆነ ጠየቃት፤ እማማ ደብሪቱ ናቸው አለችው። ሁለተኛዋም ይህንኑ አለች፤ አርባኛዋም ይህንኑ። ስልክ ሲጠይቃቸውም ሁሉም የእማማን ቁጥር ሰጡት፤ በሰፈሩ የነበረው ስልክ እሱ ብቻ ነበርና። ሰብሳቢው ግራ ገባውና ለቅጽ ሠሪው ደወለ። ፊቴ አርባ ሴቶች ጭቃ እያቦኩ ነው፣ ባለቤቷ ግን አንዲት ዓይናቸው የደከመ አሮጊት ናቸው ይሉኛል፣ ምን ላድርግ? አለው።

«የነገሩህን ጻፍ» አለው ሰውየው። «የቀረውን ቅጹ ያውቃል።»

እሱም ጻፈ። ቢሮ ውስጥ አርባ መስመር በቀይ ታየ። ሰውየው ለጥቂት ጊዜ አመነታ ይባላል፤ እኔም ማመንታቱን አምናለሁ። መልሶ መደወል ይችል ነበር። ወንዙን ተሻግሮ ማየትም ይችል ነበር፤ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅበት ነው። ግን መዝገቡን የሚያስረክብበት ቀን ደርሶ ነበር፤ የተደጋገመ ይሰረዝ የሚለው ደንብም ግልጽ ነበር። ሠላሳ ዘጠኙን ሰረዘ። አለቃውም እንዲህ የጠራ መረጃ አይቼ አላውቅም ብሎ አመሰገነው።

ከዚያ በኋላ ከተማው አንድ ውሳኔ አወጣ። ከአሥር ያነሱ ድርጅቶች ያሉበት ሜዳ ለሌላ አገልግሎት ይውላል ተባለ። ከወንዙ ማዶ በመዝገቡ ያለው አንድ ድርጅት ነው። ሴቶቹ በአንድ ወር ውስጥ ሜዳውን እንዲለቁ ደብዳቤ ደረሳቸው።

እማማ ደብሪቱ በሰው ተመርተው ቢሮው ድረስ መጡ። ሰውየው መዝገቡን ከፍቶ ስማቸውን፣ ስልካቸውንና ሰፈራቸውን አነበበላቸው። ሁሉም ትክክል ነበር። አሮጊቷ እስኪጨርስ ሰሙት።

«ልጄ» አሉት፣ «እኔን ሲያከብሩ ነው የጠፉት።»

ሰውየው ያኔ ገባው። በዚያው ቀን ታብሌቱን ይዞ ወንዙን ተሻገረ። እማማ ደብሪቱ ከሴቶቹ ፊት ተቀምጠው፣ የእኔ ነው በሉት እያሉ ለመኗቸው። የመጀመሪያዋ እምቢ አለች። ብዙ ከተለመነች በኋላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና «የእኔ ነው» አለች፤ ብላም አለቀሰች። ቀጥላ ሁለተኛዋ አለች። እስከ አርባኛዋ ድረስ እንዲሁ ሆነ። አሮጊቷም እያንዳንዷ ስማቸውን ስትተው እያዳመጡ፣ በርቺ ለማለት ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

ሰውየው አርባውን ጽፎ ላከ። ቅጹ የምዝገባው ጊዜ አብቅቷል ብሎ መለሰለት። ይህን መልእክት ቅጹ ውስጥ ያስገባው ራሱ ነው። ሊከፍተው ቢሞክርም መዝገቡ ከእጁ ወጥቷል። አለቃው ዘንድ ሄዶ ለመነ፤ ሜዳው ተሰጥቷል፣ መረጃውም ያንተ ነው ተባለ።

ሴቶቹ ተበተኑ። አንዳንዷ ሰው ቤት ልብስ አጣቢ ሆነች፤ አንዳንዷ የት እንደደረሰች የሚያውቅ የለም። ሜዳው ላይ የጭነት መኪና ይቆምበታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የዚያን ቀን ነገር ነው። ዕድሜያቸውን ሁሉ ያከበሩትን ወግ በገዛ አፋቸው አፈረሱ፤ በምላሹም አንድ ክንድ መሬት እንኳ አላገኙም።

እንግዲህ ትርሲት፣ ሰውየው አልዋሸም። በቅጹ ላይም አንድ የተሳሳተ ፊደል አልተገኘም። ነገር ግን አርባ ሴቶች ጭቃ እያቦኩ ነው ተብሎ ተነግሮት ነበር። አንቺም እንደዚያ ሰው ነሽ። ይህን ስልሽ ደስ ብሎኝ አይደለም። ወደ ሐይቁ ዳር የሄደው ሰብሳቢ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ሁሉ ጀልባው በሙሉ የአንድ ሰው ነው ይሉኛል ብሎ ደውሎልሽ፣ ሌላ ጊዜ እናየዋለን ማለትሽን አንቺው ነግረሽኛል። መዝገቡን ትናንት እንዳስረከብሽም ነግረሽኛል። የመጣሽው ለጥያቄ አይደለም፤ «አይ፣ አልበደልሽም» እንድልሽ ነው። ልልሽ አልችልም።

ወደ ሐይቁ ሂጂ። የምታድኚው ነገር ይኖራል ብዬ አይደለም፤ የለም። ግን ሂጂና የእያንዳንዱን ስም ጠይቂ፣ የምትጽፊበት ቦታ ባይኖርም።