ወንበር ያጣችው ተለማማጅ

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ መቀመጫ ያላችሁ ተቀመጡ፤ የሌላችሁ እንደ ትርሲት ቆማችሁ ስሙ።

በደሴ ከተማ «መልካም እርካብ» የሚባል አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ነበር። ሥራው የወደቀን ማንሣት ነው። ስንቱን አንሥቷል! የቆመን ስለማስቀመጥ ግን መተዳደሪያ ደንቡ ምንም አይልም። ትርሲት የማኔጅመንት ተማሪ ናት። ዩኒቨርሲቲዋ «ሁለት ወር ሥራ ልመጂ» ብሎ ወደዚህ ቤት ላካት። ድርጅቱም ሰኞ ጠዋት በአበባ ተቀበላት፤ ፎቶ አነሣት፤ ፎቶዋን «እንኳን ደህና መጣሽ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፈላት። ፎቶዋ ቦታ አገኘ። እሷ ግን አላገኘችም።

የፈለገችው አንድ ወንበር ብቻ ነው፤ አራት እግርና አንድ መደገፊያ። የዓመቱ ድካሟ ሁሉ ግን በእሱ ላይ ተንጠልጥሏል። ዓርብ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ መምህሯ፣ መምህር ደርበው፣ ሊያዩዋት ይመጣሉ። በሥራ ገበታዋ ተቀምጣ ካገኟት «ተመድባለች» ብለው ይፈርማሉ። ቆማ ካገኟት «አልተመደበችም» ብለው ይጽፋሉ፤ ያን ጊዜ ጓደኞቿ የምረቃ ጋዋን ሲለብሱ እሷ ዓመቱን ትደግማለች። የሰው ወንበር ትዋስ እንዳትሉ፣ በዚያ ቤት ወንበር ሁሉ ጀርባው ላይ የባለቤቱ ስም ተለጥፎበታል፤ ባለ ስሙ ሥራ ሲለቅ አስረክቦ ነው የሚሄደው። በስም የወጣ ወንበር ማዋስ ጥርስን እንደ ማዋስ ነው።

ሰኞ ዕለት ወደ ንብረት ክፍሉ ኃላፊ፣ ወደ ጋሽ ይማም ሄደች። መጋዘናቸው ውስጥ ላስቲካቸው ያልተላጠ ወንበሮች እስከ ጣሪያ ተደራርበዋል፤ ትርሲት በመስኮት አይታቸዋለች።

«ጋሽ ይማም፣ አንድ ወንበር ቢሰጡኝ?»

«ሁሉንም ውሰጂያቸው፣ ልጄ! እኔን ምን ቸገረኝ? ማኅተም ያለበት መጠየቂያ ብቻ አምጪ።»

ማኅተም ካልተመታ መጋዘን አይከፈትም፤ መጋዘን ካልተከፈተ ወንበር አይወጣም፤ ወንበር ካልወጣ ትርሲት ቆማለች።

መጠየቂያውን ሞልታ፣ ማክሰኞ ጠዋት ማኅተሙን ወደሚይዙት ጸሐፊ፣ ወደ እትዬ አሰገደች ሮጠች። እትዬ አሰገደች ወረቀቱን ገልብጠው አዩት፤ መልሰው ገለበጡት።

«ቁጥሩስ?»

«የምን ቁጥር፣ እትዬ?»

«የወጪ ቁጥር ነዋ! ማኅተም እኮ ጥፊ አይደለም፤ ያገኙት ላይ አያሳርፉትም።»

ቁጥር ካልወጣ ማኅተም አይመታም፤ ማኅተም ካልተመታ መጋዘን አይከፈትም፤ መጋዘን ካልተከፈተ ወንበር አይወጣም፤ ወንበር ካልወጣ ትርሲት ቆማለች።

ከሰዓት በኋላ መዝገብ ቤት ገባች። መዝገብ ቤቱን የያዘችው ወይንሸት የእሷ እኩያ ስለሆነች ትንሽ ተስፋ አድርጋ ነበር።

«ወይኒዬ፣ አንዲት ቁጥር ብቻ።»

«ፋይልሽ የታለ?»

«ፋይል የለኝም።»

«እንግዲያው ገና አልተወለድሽም» አለች ወይንሸት፣ በእውነት እያዘነችላት። «የሰው ኃይል ደብዳቤ ይጻፍልሽና ፋይል ልክፈትልሽ። ቁጥሩን ከዚያ አወጣልሻለሁ። ደስ የሚል ቁጥር መርጬ!»

ደብዳቤ ካልተጻፈ ፋይል አይከፈትም፤ ፋይል ካልተከፈተ ቁጥር አይወጣም፤ ቁጥር ካልወጣ ማኅተም አይመታም፤ ማኅተም ካልተመታ መጋዘን አይከፈትም፤ መጋዘን ካልተከፈተ ወንበር አይወጣም፤ ወንበር ካልወጣ ትርሲት ቆማለች።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ የሰው ኃይል ኃላፊውን አቶ ገደፋውን ስትጠብቅ ዋለች። ስብሰባ ላይ ነበሩ። የስብሰባው አጀንዳ «ተለማማጆችን በአግባቡ ስለ መያዝ» ነው። ትርሲት በኮሪደሩ ሄደች፣ ተመለሰች፤ በግራ እግሯ ቆመች፣ በቀኝ እግሯ ቆመች፤ ግድግዳ ተደገፈች፣ ግድግዳውን የሚያጸዱት ሴትዮ አስለቀቋት። አቶ ገደፋው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጡ።

«ደብዳቤ? መጻፍማ እጽፋለሁ» አሉ። «ግን የትኛው ክፍል ተቀበለሽ? ባሉ ሳይታወቅ ልጅ ይዳራል እንዴ? የፕሮግራም ኃላፊዋን ወይዘሮ ፋጡማን አነጋግሪያቸው። ‹ተቀብያለሁ› ይበሉኝ እንጂ እኔ በአንድ ትንፋሽ ነው የምጽፈው።»

ሐሙስ ማልዳ ወይዘሮ ፋጡማ ዘንድ ደረሰች። ወይዘሮ ፋጡማ ሰው ወዳድ ናቸው፤ አገላብጠው ሳሟት።

«የኔ ልጅ፣ እኔማ በደስታ! ሥራው እኮ ሞልቷል። ግን የት ላስቀምጥሽ? በኔ ክፍል ሰው ቆሞ ይዋል? ነውር ነው! ወንበርሽን ይዘሽ ነይ፣ ያኔውኑ ተቀበልኩሽ።»

ትርሲት በጣቶቿ ቆጠረች። ወንበር ካልወጣ ወይዘሮ ፋጡማ አይቀበሉም፤ ወይዘሮ ፋጡማ ካልተቀበሉ ደብዳቤ አይጻፍም፤ ደብዳቤ ካልተጻፈ ፋይል አይከፈትም፤ ፋይል ካልተከፈተ ቁጥር አይወጣም፤ ቁጥር ካልወጣ ማኅተም አይመታም፤ ማኅተም ካልተመታ መጋዘን አይከፈትም፤ መጋዘን ካልተከፈተ... ወንበር አይወጣም!

እንግዲህ በዚህ ቤት ክፉ ሰው የለም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ሁሉም ሊሰጣት ይፈልጋል፤ ሁሉም ያዝንላታል። ክፉ ቢኖርማ ተጣልታው ይወጣላት ነበር።

ዓርብ ነጋ። ሦስት ሰዓት ላይ ትርሲት ከበር እስከ ማስታወቂያ ሰሌዳው፣ ከሰሌዳው እስከ በር ትመላለሳለች። ሦስት ከሩብ ሆነ። የፕሪንተር ቀለም የሚሸጥ አንድ ሰው በሩን አንኳኳ። ጥበቃው ጋሽ አራጋው መዘገቡት፣ «እንግዳ» የሚል ካርድ አንገቱ ላይ አንጠለጠሉለት። ገና ደረጃውን ሳይጨርስ ወንበር መጣለት፤ ለስላሳም ተከፈተለት።

«ጋሽ አራጋው፣ ያ ሰውዬ መጠየቂያ ሞልቷል?»

«የምን መጠየቂያ?»

«የወንበር።»

«እንግዳ እኮ ነው! እንግዳ ቆሞ ከታየ የቤቱ ስም ምን ሊሆን ነው?»

«እኔስ?»

«አንቺማ የቤት ልጅ ነሽ!» አሉ ጋሽ አራጋው፣ በፍቅር።

ትርሲት አንዱን እግሯን አሳረፈች፤ ሌላውን አሳረፈች። ከዚያ ከግቢው ወጣችና በሩን ከውጭ አንኳኳች።

«ማነው?»

«እንግዳ።»

«አንቺ ልጅ፣ አሁን አይደለም እንዴ የወጣሽው?»

«የወጣችው የቤት ልጅ ናት፣ ጋሼ። የመጣችው እንግዳ ናት። ይመዝግቡኝ።»

ጋሽ አራጋው ራሳቸውን አከኩ። ደንቡን በልባቸው መረመሩት፤ ከውጭ ያንኳኳን የቤት ልጅ የሚል አንቀጽ አጡበት። መዘገቧት። ካርዱን አንጠለጠሉላት።

ትርሲት በቀጥታ ወይዘሮ ፋጡማ በር ላይ ሄዳ ቆመች። ወይዘሮ ፋጡማ «ዛሬም ወንበር አላገኘሽም?» ሊሏት ቀና ሲሉ፣ ዓይናቸው ካርዱ ላይ ዐረፈ።

«ወይኔ ጉዴ! እንግዳ አቁመን!» ብለው ብድግ አሉ። «ይማም! ኧረ ይማም! እንግዳ ቆማለች!»

ጋሽ ይማም ወንበር በራሳቸው ላይ ተሸክመው ሲሮጡ መጡ፤ ላስቲኩን በጥርሳቸው ቀደዱት፤ በእጅጌያቸው ወለወሉት። ማን እንደ ሆነች ያዩት ከተቀመጠች በኋላ ነው።

ትርሲት ካርዱን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ወይዘሮ ፋጡማ፣ እንዳሉኝ ወንበሬን ይዤ መጥቻለሁ።»

ወይዘሮ ፋጡማ ወንበሩን አዩት፤ ልጅቱን አዩአት። ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም። «እንዲህ ከሆነማ ምን ከልካይ አለ! ገደፋው! ተቀብያታለሁ!»

ወንበር ወጣና ወይዘሮ ፋጡማ ተቀበሉ፤ ወይዘሮ ፋጡማ ተቀበሉና ደብዳቤ ተጻፈ፤ ደብዳቤ ተጻፈና ፋይል ተከፈተ፤ ፋይል ተከፈተና ቁጥር ወጣ፤ ቁጥር ወጣና ማኅተም ተመታ፤ ማኅተም ተመታና ጋሽ ይማም የመጋዘኑን ቁልፍ ይዘው ከፊቷ ቆሙ።

«በይ ተነሺ፣ ልጄ።»

«ምነው ጋሽ ይማም?»

«ወረቀትሽ ተሟልቷል። ወንበሩን መልሼ መጋዘን ላስገባውና በደንቡ አውጥቼ ልስጥሽ።»

አራት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ትርሲት ወንበሩን በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘች።

«እግሬን ይቁረጡት እንጂ አልነሣም!»

ጋሽ ይማም ወደ ወይዘሮ ፋጡማ አዩ፤ ወይዘሮ ፋጡማ ወደ ጣሪያ አዩ። በመጨረሻ ጋሽ ይማም ተነፈሱና፣ መጋዘኑን ከፍተው ባዶ እጃቸውን ገብተው፣ ባዶ እጃቸውን ወጥተው፣ ቆልፈው ተመለሱ። ደንቡ ተፈጸመ። የትርሲትን ስም በወንበሩ ጀርባ ለጠፉት፤ እሷም ፈረመች።

መምህር ደርበው ልክ በሰዓቱ ደረሱ። ተማሪያቸውን በወንበሯ ላይ፣ ከፊቷ ወረቀት ተዘርግቶ፣ ላብ በላብ ሆና አገኟት። ደስ አላቸው። «ተመድባለች» ብለው ፈረሙ። ከዚያ ፋይሉን አገላበጡ፤ ደብዳቤው፣ ቁጥሩ፣ ማኅተሙ፣ የንብረት ርክክቡ፣ ሁሉም በአንድ ቀን፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያለቀ ነው። ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው። ብዕራቸውን አነሡና ከቅጹ ግርጌ «እጅግ ቀልጣፋ አሠራር ያለው ድርጅት። በሚቀጥለው ዓመት አሥር ተማሪዎች ይላኩለት» ብለው አከሉበት።

ትርሲት ይህን ስታይ «መምህር!» ብላ ልትነሣ ከጀለች። ከወንበሩ አንድ ጣት ያህል ከፍ አለች። ግን ጋሽ ይማም በሩ ላይ ቁልፋቸውን ይዘው፣ ወንበሩን ወንበሩን እያዩ ቆመው ነበርና፣ ቀስ ብላ መልሳ ተቀመጠች።

ተረቴን መልሱ፤ ጉሮሮዬንም አርሱ።